ለሥልጠና አዲስ አበባ የገባ ሰው ከ11 ሰዓት በኋላ ምን ይሥራ?

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ያነሳው ከአርባ ምንጭ የመጣ የግዢ ባለሙያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ልኮታል፤ ሥልጠናው 11 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ አልጋ የያዘው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ምሳና ሻይ ቡናውን አዘጋጁ ይችላል፣ እራቱ የራሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ማታዎች ፔንሲዮኑ ውስጥ ተጋድሞ ስልክ ሲነካካ እንዳሳለፈ፣ አብረውት የመጡት ደግሞ ከታች ካለው ግሮሰሪ እንደማይነቃነቁ ጻፈና፣ ለአንድ ብቸኛ ሰው አመሻሽ ላይ የሚሆን፣ ኪስም የማይጎዳ ነገር ካለ እንዲጠቁሙት ለመነ። ጨዋ አጠያየቅ ነበር። ክሩ (ከጥያቄው ሥር የተከታተለው ምላሽ) ግን ከሠላሳ ምላሽ በላይ ሄዶ ግማሹ ምክር፣ ግማሹ ጠብ ሆነ። የማይረባውን እየዘለልኩ በየቁጥሩ ላውራው።

1ኛው እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ተቀበለውና ብሔራዊ ሙዚየምን መከረ፤ ድንቅነሽን ሳያዩ መመለስ ነውር ነው ባይ ነው። 2ኛው ስህተቱን ወዲያው አየው። ሥልጠናው የሚለቀቅበትና ሙዚየሙ በሩን የሚዘጋበት ሰዓት ተቀራራቢ ነው፤ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየምም እንደዚያው። ሁለቱንም ለቅዳሜ ማሳደር ነው። ለማታ የሚመክር ሰው ቦታው በዚያ ሰዓት ክፍት መሆኑን አጣርቶ ይምከር ብሎ አሳሰበ። ማንም አልሰማውም።

በተለይ 3ኛው አልሰሙትም። አጻጻፋቸው ዕድሜ የጠገበ ሰው ነው፤ ረጅምና ጣፋጭ መልእክት አሰፈሩ። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ወርዶ ጥሬ ሥጋ መቁረጥ፣ ከዚያ ካዛንቺስ ፈንድቃ ገብቶ አዝማሪ መስማት፣ ሌሊቱን ደግሞ ጣይቱ ሆቴል ያለው የጃዝ ቤት፣ ጃዝአምባ። አዝማሪው ገና ከበር የገባውን እንግዳ ከእግር እስከ ራሱ አይቶ በግጥም ሲነካው፣ እንግዳውም እየሳቀ ብር ግንባሩ ላይ ሲለጥፍለት፣ ሁሉንም ሥለው አሳዩን። ያነበበ ሁሉ ጃኬቱን ለብሶ ለመውጣት ይነሳል።

4ኛው ግን በረዶ ቸለሰበት። ጃዝአምባ ጣይቱ ሆቴል በተቃጠለ ጊዜ፣ ጥር 2007 ላይ፣ አብሮ ነደደ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 የፒያሳው መልሶ ማልማት ሲመጣ ፈረሰ። የካዛንቺሱ ፈንድቃም ሰፈሩ ሲነሳ አብሮ ተነስቷል። ይህን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ከተማውን ያየኸው መቼ ነው ዓይነት ነገር ጣል አደረገ፤ ያውም በአንተ። 5ኛው መረጃውን ተቀብሎ አፉን አልተቀበለለትም፦ ታላቅን በአንተ መጥራት የትም አገር የለም፣ ያውም ለማያውቁት ሰው። ጣይቱ ሆቴል ራሱ እንዳልጠፋም አስታወሰ። በ1898 ዓ.ም. ተመሠረተ የሚባለው ሕንፃ ከቃጠሎው ተርፎ ቆሟል፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሻይ መጠጣት ብቻውን አንድ አመሻሽ ይሞላል ይላል።

እኔ አዛውንቱን አልፈርድባቸውም። የጻፉት ሁሉ በዘመኑ ልክ ነበር። ነገር ግን አዲስ አበባን ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት የሚያውቅ ሰው የሚሰጠው የቦታ ስም ዛሬ ታክሲ ተሳፍረው የሚሄዱበት አይደለም፤ ቀድሞ መደወል ይሻላል።

ክሩን ያዳነችው 6ኛዋ ናት። የባንክ ኦዲተር ነኝ ትላለች፤ ከክልል ቅርንጫፍ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ስትመላለስ ነው የምትኖረው። ነገሩን ከቦታ ሳይሆን ከሰዓት ጀመረችው። ከ11 እስከ 1 ሰዓት ድረስ ሜክሲኮ፣ መገናኛና ቦሌ የታክሲ ሰልፍ ነው፤ በዚያ ሰዓት ከከተማው ጫፍ ወደ ጫፍ ለመሄድ የተነሳ ሰው ማታው መንገድ ላይ ያልቅበታል። ራይድ ወይም ፈረስ የሚባሉትን የስልክ ታክሲዎች ቢጠራም መንገዱ ያው የተዘጋው መንገድ ነው፣ ሒሳቡ ብቻ ይጨምራል። ስለዚህ ሕጓ አንድ ነው፦ በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ በእግር የሚደረስበት ቦታ መሄድ፣ ሰልፉ ሲሳሳ መመለስ።

ሜክሲኮ ላደረ ሰው በእግር የሚደረሰው ብሔራዊ ቴአትር ነው። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ የተከፈተ ቤት ነው፤ ፊት ለፊቱ የቆመው የአንበሳ ሐውልትም የዚያው በዓል ነው። በሥራ ቀን የሚታዩ ቴአትሮች ብዙ ጊዜ 11፡30 ግድም ይጀምራሉ፤ የዕለቱ ማስታወቂያ በሩ ላይ ይለጠፋል፤ ትኬቱ ከመስኮቱ ይቆረጣል። ቤቱ ዕድሳት ላይ ሊሆን ወይም ፕሮግራም ሊቀየር ስለሚችል ቀን ላይ አንድ ሰው ደውሎ ይጠይቅ ብላለች። ሥልጠናው ትንሽ ካመሸ በሩ ላይ የሚቆመው ሰው መብራት ከጠፋ በኋላም እየመራ ያስገባል፤ በስልክ መብራት የሰው ጉልበት እየረገጡ ወንበር መፈለግ ግን ያሳፍራል። የወደድኩላት ተመልካቹን የገለጸችበትን ነው። አዳራሹ ዝም ብሎ የሚያይ እንዳይመስለን፤ ባል ሲዋሽ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ከተዋናይዋ ቀድመው ይመልሱለታል፣ ሌላው ይስቃል፣ ተዋናዩም ሳቁ እስኪያልፍ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ብቻውን የመጣ ሰው እዚያ ውስጥ ብቻውን አይደለም። ቴአትሩ ሲያልቅ ሰልፉም አልቋል።

7ኛው በዚያው መሥመር ቀጥሎ ሀገር ፍቅርን አስታወሰ፤ በ1927 ዓ.ም. በማኅበርነት የተቋቋመ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ ያለ ቤት ነው፤ ከሜክሲኮ ግን ሽቅብ ነው። 8ኛው የዛሬ ቴአትር ሁሉ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ሆነ ብሎ አማረረ። 9ኛው የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ከሰለቸህ ቤትህ ተቀመጥ አለው። ይህን እንለፈው።

10ኛው ክሩን ወደ ዘመድ አዞረው። ሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ተቀምጦ ማታ የት ልሂድ ብሎ የማያውቁትን ሰው መጠየቅ ምን ይባላል? አክስት የለህም? አጎት የለህም? በኋላ ከሌላ ሰው ሲሰሙ ምን ሊሉህ ነው? ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም ግማሹ አንባቢ በልቡ የሚፈራው ይህንኑ ነው። 11ኛው ታሪኩን ይዞ መጣ። አያት አክስቱ ዘንድ ሄደ። መንገዱ ቀኑን ጨረሰው፤ እራት ቀረበ፣ ቡናው ተፈላ፣ አቦል፣ ቶና እያለ በረካ ላይ ሲደርስ ሦስት ሰዓት አልፏል። አክስቱ በሌሊት ወዴት ነው ብለው በሩን ቆለፉ። ሶፋ ላይ አድሮ አርፍዶ ተነሳ፣ ሥልጠናውም አመለጠው። ከዚያ የባሰው በማግስቱ የደረሰው የስልክ ጥሪ ነው፤ ቤት እያለህ ለምን አልጋ ትከራያለህ ተባለ። ዘመድ ቤት ያደረ ሰው የአልጋ ደረሰኝ ከየት ያመጣል? ይህን ለአክስቱ ማስረዳት አልቻለም።

12ኛው መካከለኛውን መንገድ አሳየ፦ እንደገቡ መደወል፣ ለእሑድ ምሳ መቅጠር፣ ባዶ እጅ አለመሄድ። ከአርባ ምንጭ የመጣ ሰው ሙዝ ይዞ ቢሄድ ይመረቃል። ከእሑድ በኋላ በአዘቦት ቀን ና የሚል አይኖርም፣ ምክንያቱም ታይቷል። ደግ ሐሳብ ነው።

13ኛው ማታውን የሚበላው ዘመድ ሳይሆን ትዕዛዝ ነው አለ። አዲስ አበባ መሄድህ ከተሰማ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ወረቀት ያስይዝሃል፦ ለአንዱ የእናቱ የስኳር መድኃኒት፣ ለአንዷ የልጇ ጫማ በዚህ ቁጥር፣ ለአለቃ የመኪና መለዋወጫ። ከአንድ ከነማ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ማታው ያልፋል። 14ኛው የጤና ባለሙያ ነኝ ካለ በኋላ ነገሩን ገለበጠው። ለሰው መድኃኒት እየፈለግህ ስትዞር የራስህን ለምን አታይም? ብዙ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ቀን መንግሥት ሆስፒታል ውለው ከ11 ሰዓት በኋላ የግል ክሊኒክ ይገባሉ። በክልል ከተማ ወራት የሚጠበቅ ሐኪም እዚህ በአመሻሽ ቀጠሮ ይገኛል። የዓይን መነጽር አንድ ማታ ተለክቶ ሥልጠናው ሳያልቅ ይደርሳል፤ ጥርስም እንደዚያው። መዝናኛ ለጠየቀ ሰው ጥርስ አስነቅል ማለት ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ከክልል ለሚመጣ ሰው ከዚህ የሚጠቅም ምላሽ በክሩ ውስጥ አላየሁም።

ጠቡ የጀመረው 15ኛው ላይ ነው። ከጥያቄው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ነገር ጠየቀ፦ ከከፈሉት በላይ ጽፎ ደረሰኝ የሚሰጥ ፔንሲዮን የሚያውቅ ካለ በውስጥ መስመር እንዲጽፍለት። 16ኛዋ ይህ የሕዝብ ገንዘብ መስረቅ ነው ብላ ፊት ለፊት ተናገረችው። 17ኛው ተቆጣ። የውሎ አበሉ ተመን የአልጋውን ዋጋ እንደማይደርስ፣ ቀሪውን ሠራተኛው ከደመወዙ እንደሚሞላ፣ አዲስ አበባ ቤቷ ተቀምጣ የምትፈርድ ሰው ይህን እንደማታውቅ ዘርዝሮ ጻፈ። 18ኛው ስድብ ስለነበር ተሰርዟል፤ የቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው። 19ኛው ሁለቱን ለየ። ከአበል ቆጥቦ ለልጅ ደብተር መግዛት የማንም ጉዳይ አይደለም፣ ሰው እራቱን በእንጀራ በሽሮ ጨርሶ ቢተኛ መብቱ ነው፤ ያልተከፈለ ገንዘብ ተከፈለ ብሎ ማጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው፣ የአበሉ ማነስም አያጸዳውም።

እኔም ከ19ኛው ጋር ነኝ። ይህ ጠብ ደግሞ ከርዕሱ የወጣ ቢመስልም የጥያቄው ሥር ያለው እዚህ ነው። ሰው ፔንሲዮን ውስጥ ተጋድሞ የሚያመሸው የሚሄድበት ጠፍቶ ሳይሆን፣ እያንዳንዷ የምትወጣ ብር ቤት በሚጠብቀው ጉድለት ላይ ስለምትጨመር ነው። የባህል ምሽት ቤት ክትፎ እየበሉ ጭፈራ ማየትን የመከሩት ሁሉ (ሦስት አራት ነበሩ፣ አልቆጠርኳቸውም) ይህን ረስተውታል። የ6ኛዋ ምክር የሠራው የእግር መንገድና የአንድ ትኬት ዋጋ ብቻ ስለሚጠይቅ ነው።

20ኛዋ በቁጣ ገባች፣ ቁጣዋም ተገቢ ነው። ከእሷ በፊት የጻፉት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ምክራቸውም ሥጋ፣ ቢራና እግር መንገድ ነው። ሴት ሠልጣኝ ብቻዋን እራት ስትበላ አስተናጋጁ ሌላ ሰው ይመጣል ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ይጠይቃታል፤ ከወዲያ ጠረጴዛ ደግሞ ያልታዘዘ መጠጥ ይላክላታል። እሷ አልጋ ስትይዝ መጀመሪያ የምታየው ዋጋውን አይደለም፤ ከታክሲ መውረጃው እስከ ፔንሲዮኑ በር ያለው መንገድ መብራት እንዳለው ነው። ማታዋን የምታሳልፈው አንዳንዴ የሠርክ ጉባኤ ነው፦ ከ11፡30 ጀምሮ ስብከትና መዝሙር አለ፣ ነጠላ መያዝ ብቻ ነው፣ ነጠላ ለብሳ የምትመለስን ሴትም መንገድ ላይ የሚተናኮላት ይቀንሳል። አንዳንዴ ፀጉር ቤት ነው፤ እዚያ ሹሩባ እየተሠሩ የሚሰማው ወሬ ከቴአትሩ አያንስም። አንዳንዴ ደግሞ ከሌሎች ሴት ሠልጣኞች ጋር ሆነው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ይንሸራሸራሉ፤ መብራት አለ፣ ሰው ይበዛል፣ የካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከውጭም ቢሆን ማታ ያምራል።

21ኛዋ ሙስሊም ናት፤ የ20ኛዋን ደግፋ ሥልጠናው ረመዳን ላይ ከዋለ የብቸኝነት ጥያቄ እንደማይነሳ ጻፈች። መርካቶ አንዋር መስጂድ አካባቢ ለኢፍጣር የተገኘ ሰው ብቻውን አይፈታም፤ ቴምርና ሾርባ ከማያውቁት ሰው እጅ ይቀበላል፣ ከዚያ ተራዊህ አለ። 22ኛው አዲስ አበባ ለሴት ሰላም ናት፣ ታጋንናላችሁ አለ። 20ኛዋ 23 ላይ ተመልሳ መጀመሪያ የጻፈችውን ቃል በቃል እንዲያነብ፣ አንብቦም ካልገባው ለእህቱ እንዲያስነብብ ነገረችው። ከዚያ በኋላ አልታየም።

24 ላይ ጠያቂው ራሱ ብቅ አለ። በ6ኛዋ ምክር ቴአትር ገብቶ ነበር፤ ቴአትሩን ወዶታል፣ ሲወጣ ግን በሸሚዝ ነበርና ብርዱ ጥርሱን አንቀጫቀጨው። ወገኔ፣ አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ አዲስ አበባ 2,400 አካባቢ ናት፤ በክረምት ደግሞ የከሰዓቱ ዝናብ ይጨመርበታል። ከጋምቤላ፣ ከሰመራም ሆነ ከድሬዳዋ ለሚመጣ ሠልጣኝ ጃኬት ከደብተር ይቀድማል።

25ኛው አመሻሽ ላይ አስፋልት ዳር ከሚዘረጋው ሳልባጅ ጃኬት እንዲገዛ መከረው፤ እግረ መንገዱንም ዋጋ መከራከር ራሱ መዝናኛ ነው አለ። 26ኛው ግን ሲገዛ የደረሰበትን አጫወተ፣ ይህኛው ከክሩ ሁሉ ያሳቀኝ ነው። ጃኬቱን ለብሶ እየለካ፣ ብሩን ሰጥቶ መልስ እየጠበቀ ሳለ ደንብ አስከባሪ መጣ። ነጋዴው የዘረጋውን ሸራ በአራቱም ማዕዘን አፈሰና ትከሻው ላይ አድርጎ ተፈተለከ፤ መልሱም አብሮ ሄደ። ሰውየው በአዲስ ጃኬት እንደ ሐውልት ቆመ። ልሂድ አልሂድ ሲል ደንቦቹ አለፉ፣ ነጋዴው በሌላ በኩል ዞሮ መጣ፣ ሸራውን እዚያው ቦታ ዘረጋው፣ መልሱንም ሳይጠየቅ ቆጥሮ ሰጠው። ቀጥሎም ሱሪ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው።

27ኛዋ መጻሕፍት ላይ ናት። አራት ኪሎ የሚገኘውና ታኅሣሥ 2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መግቢያ አይከፈልበትም፤ መታወቂያ መያዝና የመዝጊያ ሰዓቱን መጠየቅ ነው። ለሥልጠናው ፈተና ያለበት ሰው ከፔንሲዮን አልጋ ይልቅ እዚያ ቢያጠና ይሻለዋል። ወመዘክርም (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) አልፎ አልፎ የመጽሐፍ ውይይት እንደሚያዘጋጅ ጠቆመች። 28ኛው አጭር ነው፦ ማክሰኞና ረቡዕ ቻምፒየንስ ሊግ። ጨዋታው የሚጀምረው እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት መሆኑን፣ እሱን አይቶ በማግስቱ ሥልጠና ላይ የሚያንቀላፋ ሰው በየአዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ እንደሚገኝ አልጻፈም፤ ይህን እኔ ነኝ የጨመርኩት።

29 ላይ አዛውንቱ ተመለሱ፤ በ4ኛው አልተቀየሙም። የፈረሰውን መጥቀሳቸውን አምነው፣ ራስ ሆቴል ይቀርብ የነበረውን የግጥም በጃዝ ምሽት አነሱ። አሁን ይኑር አይኑር ደውላችሁ ጠይቁ ብለው አከሉበት። 4ኛውም በ30 መጥቶ በአንቱ አመሰገናቸው።

31ኛው ለስብሰባ ናይሮቢ ሊሄድ ነው፤ እዚያስ ማታ ምን ይደረጋል ብሎ ጠየቀ። 32ኛው ራሱን የቻለ ክር ክፈት አለውና፣ እሱው ራሱ ረስቶ ስለ ናይሮቢ ቀጠለ። ሰዓታችን ከኬንያ ጋር አንድ ስለሆነ ሰዓት ማስተካከል አያስፈልግም፤ በስዋሂሊ ሲያወሩም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ያው አንድ ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ የተቀጠረ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና ይጠንቀቅ፤ እሱ ለእራት የተጋበዘበትን ስምንት ሰዓት የቀን መስሎት በጠራራ ፀሐይ በሩን አንኳኩቷል።